ከበዓል የተመለሰ ዓይን

ከገናና ከጥምቀት ዕረፍት ለተመለሱ የክሊኒካል ዓመት (ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ እያዩ ለሚማሩ) የሕክምና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። እንኳን አደረሳችሁ ብልም አልረፈደም፤ ጥር ገና አላለቀም።

ስትገቡ እያየኋችሁ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሞላ ብሏል። አንዳንዶቻችሁ ትናንት ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ውላችሁ ነው የመጣችሁት፤ ዓይናችሁ ይናገራል። ከቤት ዳቦ ቆሎ ወይ በሶ ሳይቋጠርለት የመጣ ያለ አይመስለኝም። መንገድ ተዘግቶባችሁ ቤተሰብ ሳታዩ እዚሁ በዓሉን ያሳለፋችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተንም አልረሳኋችሁም።

ትናንት ማታ ምን እንደተሰማችሁ መገመት አይከብደኝም። ጋውናችሁን ከቦርሳ አውጥታችሁ ሰቀላችሁ። ስቴቶስኮፑን ፈለጋችሁ። ከዚያ ከሐኪሞቹ ጋር በየአልጋው የምንዞርበት ራውንድ ትዝ አላችሁና ሆዳችሁን ቁንጥጥ አደረጋችሁ። "ሁሉም ነገር ጠፍቶብኛል። ነገ ራውንድ ላይ ምን ልል ነው?" አላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያች ሌሊትና ከዚያ በኋላ ስላሉት ሦስት አራት ቀናት ላወራችሁ ነው። የረሳችሁትንማ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ይዛችሁት የመጣችሁት ነገር ግን አለ፣ ቶሎም ነው የሚጠፋው።

ሲ ዋን (የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት) እያለሁ ለገና ቤተሰቦቼ ጋ ደሴ ሄድኩ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሲ ዋን ተማሪ ሰፈሩ ውስጥ ዶክተር ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የአክስቴ ጉልበት መጣ። ቀጥሎ የአጎቴ ሆድ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን አንዲት እናት ኪኒን በላስቲክ ጠቅልለው አመጡልኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። "እንዴት ነው የሚወስዱት?" አልኳቸው። "ራሴን ሲያመኝ አንድ እውጣለሁ። ካላመመኝ ለምን እጨርሰዋለሁ?" አሉኝ።

የደም ግፊት ሳያም ሰው እንደሚጎዳ አንብቤያለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግን እኚህ እናት ቡና እየቀዱልኝ ሲነግሩኝ ነው የገባኝ። መድኃኒቱን የሚቆጥቡት ውድ ነገር ስለሆነ ነው። በሳቸው ቤት ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ያንን ሒሳብ ታማሚ በሚተኛበት ዋርድ ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ታማሚው ፒጃማ ለብሶ ሲተኛ ቤቱ አብሮት አይመጣም።

ጥምቀት አለፈ፣ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ራውንድ ተጀመረ። ኬስ፣ የአንድ ታማሚ ሁኔታ ማለት ነው፣ እንዳቀርብ ተጠራሁ። ስንት ጊዜ ያቀረብኩት ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ጠፋብኝ። የታማሚውን ዋና ችግር ሳልናገር የላብራቶሪ ውጤት መጥራት ጀመርኩ። ሲኒየሩ ሐኪም ዝም ብሎ ሰማኝና "በዓሉ አልወጣልሽም እንዴ?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እጄ በረደ። ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ይሄ ቢደርስባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካ። ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ብዙ እንደሚረሳ ያገኘው እሱ ነው። ይሄንን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ሌላውን ግኝቱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የረሳውን ነገር እንደገና ሲያጠናው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይይዘዋል። ረሳሁት ያላችሁት ነገር ሙልጭ ብሎ አልወጣም። በኔ ልምድ ቅደም ተከተሉ በሁለት ቀን ይመለሳል፤ የእጅ ሥራ ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ በነዚህ ቀናት በደም ሥር መርፌ አስገብታችሁ መስመር ለመክፈት እጃችሁ ካመነታ "አብራችሁኝ ቁሙ" በሉ። የመድኃኒት መጠን ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ፣ አይታችሁ ጻፉ። የማታ እንቅልፍም በአንድ ቀን አይስተካከልም። የሰውነት ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚንቀሳቀሰው። ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስታወሩ ከርማችሁ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ቢላችሁ አትደንግጡ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ያን ቀን ራውንዱ ካለቀ በኋላ የምሄድበት ጠፋኝ። ጓደኞቼ ጋ መሄድ አፈርኩ። ስለዚህ ለበዓል ከመውጣቴ በፊት የማውቃቸው ታማሚ ጋ ሄድኩ። አራት ቁጥር አልጋ ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይሆናል፣ ከገጠር ነው የመጡት። የልብ ድካም ነበረባቸው። መጀመሪያ ሲመጡ እግራቸው በጣም አብጦ፣ ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ነበር የሚያድሩት። ላሲክስ፣ የተጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት፣ በደም ሥር ተሰጣቸው፣ ቀለላቸው። ከዚያ ወደ ኪኒን ተቀየረላቸው። እኔ ለበዓል ስወጣ "በዚህ ሳምንት ይወጣሉ" ተብሎ ነበር።

ስመለስ እዚያው አልጋ ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው እንደገና አብጧል። ጠዋት ራውንድ ላይ ዶዙ (የኪኒኑ መጠን) ስላልበቃቸው ይጨመር ተብሏል። ካርዱን ያየ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። መድኃኒቱ በየቀኑ እንደተሰጠ ምልክት ተደርጓል፤ እብጠቱ ግን ጨምሯል። ስለዚህ ይጨመር።

እኔ ይህን ሁሉ እያሰብኩ አልነበረም። ከቤት የመጣው ቃል አፌ ላይ ነበር። "እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ። በዓል እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ" አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጃቸው ናት የምታስታምማቸው። ቤቱንና ከብቱን የሚያይ ስለሌለ ለጥምቀት አገር ቤት ወርዳለች። ሳምንት ሆናት። ቁጭ አልኩ። ስለ ልጃቸው አወሩኝ፣ ስለ ታቦቱ አወሩኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ተቋጥሮ የነበረው ኪኒን ነው። ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ነው።

"ያቺ ሽንት የምታመጣው ናት" አሉኝ። "ሽንት ቤቱ ከዚያ ማዶ ነው። ብቻዬን ስሄድ እወድቃለሁ። አልጋው ላይ ቢያመልጠኝስ? እዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ልጄ ስትመጣ እውጣታለሁ ብዬ ነው።"

ካርዱ ላይ የነበረው ምልክት ውሸት አልነበረም። ኪኒኑ በትክክል ተሰጥቷቸዋል። አልዋጡትም እንጂ። ዶዙ ቢጨመር ኖሮ ነጠላው ውስጥ ያለው ኪኒን ነበር የሚጨምረው። ልጃቸው ስትመለስ ደግሞ ያንን ከፍ ያለ መጠን በአንዴ ይጀምሩት ነበር። ያኔ ግፊታቸው ሊወርድ፣ በደማቸው ያለው ፖታሺየም የሚባል ጨው ሊያንስ ይችላል። የታመመ ልብ ያንን አይችልም።

ሮጬ ለኢንተርኑ፣ ዋርዱን ለያዘው ተለማማጅ ሐኪም፣ ነገርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ዱቲ ላይ አድሮ ዓይኑ ደም ለብሷል። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣኝም። ካርዱን ዘግቶ አብሮኝ መጣና አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። መፍትሔው ቀላል ነበር። አንዲት ነርስ ፖፖ ፈልጋ አመጣች። አምስት ቁጥር ላይ እህቷን የምታስታምም ልጅ "እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ ምን ችግር አለው?" አለች። ኪኒኑ ጠዋት፣ እሷ ባለችበት ሰዓት እንዲሆን ተደረገ። መጠኑ አልተጨመረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእግራቸው እብጠት ጎደለ።

እኔ ከኢንተርኑ በልጬ አይደለም። እሱ በእውቀትም በልምድም ብዙ ይርቀኝ ነበር። ግን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አይቷቸዋል። በየቀኑ ያዩት ነገር ቀስ እያለ ከዓይን ይጠፋል። አስታማሚዋ እንደሌለች ዓይኑ ሳያይ አልቀረም፤ 40 ታማሚ ይዞ ሲሮጥ ግን የሌለ ሰው አይታወቅም። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ "ማን መጣ? ማን ቀረ? በላህ? ጠጣህ?" እያለ ከሚጠያየቅበት ቤት ገና መመለሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር በሐሳቤ ይመላለሳል። አንድ ሌላ ከዕረፍት የተመለሰ ሐኪም ታሪክም አለ፤ ከኔ ታሪክ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ግን መስማት አለባችሁ።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ነበር። ክፍሉ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች ይማራሉ፣ በሁለተኛው አዋላጆች። በተማሪዎቹ ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይደርሱ ነበር። በአዋላጆቹ ክፍል ከ4 በመቶ በታች። ሕንፃው ያው፣ ከተማው ያው። እናቶቹ ልዩነቱን ያውቁታል። ወደ ተማሪዎቹ ክፍል እንዳይገቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ዜመልቫይስ ምክንያቱን ፈልጎ ፈልጎ ደከመው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1847 ለዕረፍት ወደ ቬኒስ ሄደ። የቬኒስ የጥበብ ሥራዎች መንፈሱን እንዳደሱለት ራሱ ጽፏል።

ሲመለስ መርዶ ጠበቀው። የሚያከብረው ወዳጁ ያኮብ ኮሌችካ ሞቷል። አስከሬን ሲመረምር አንድ ተማሪ በያዘው ቢላ ጣቱን ወግቶት ነበር። ዜመልቫይስ የወዳጁን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አነበበ። ያየው ነገር ሲወልዱ በሞቱት እናቶች ላይ የሚያየው ያው ነው። ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ከመረመሩበት ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው እናቶቹን ይመረምራሉ። በሽታውን የሚያመጡት የሐኪሞቹና የተማሪዎቹ እጆች ነበሩ። የራሱም ጭምር።

በግንቦት ወር ሁሉም በክሎሪን ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ 18 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 በመቶ ወረደ፣ በሐምሌ ወደ 1 በመቶ። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት ከማግኘቱ በፊት ነው ይሄ ሁሉ።

አሁን የምለው የኔ አስተያየት ነው። ኮሌችካን የመረመሩት፣ የቀበሩት፣ ወረቀቱን የጻፉት እዚያው የቀሩት ባልደረቦቹ ናቸው። ሁሉም ነገር በእጃቸው ነበር። ዜመልቫይስ ለዓመታት ያሰበበት ሰው መሆኑ ትልቁ ምክንያት ነው፤ ይሄን አልክድም። ግን ደግሞ ከውጭ ነው የገባው። ሐዘኑም አዲስ ነበር። ወረቀቱን ያነበበው እንደ አንድ ሰው ሞት እንጂ እንደ ዕለት ሥራ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቢያነበው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እላለሁ አንዳንዴ።

ሞት ካነሳሁ አይቀር፣ ማንም የማይነግራችሁን ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ዋርድ ስትገቡ የምታውቁት አልጋ ላይ የማታውቁት ሰው ተኝቶ ታገኙ ይሆናል። አንዳንዱ ድኖ ወጥቷል። አንዳንዱ በዓሉን ቤቱ ልዋል ብሎ ፈርሞ ሄዷል። አንዳንዱ ግን ሞቷል። የሚነግራችሁ የለም። ክፋት አይደለም፤ ሌላ ሰው ገብቷል፣ ሥራው ቀጥሏል።

እኔ አንድ ልጅ ነበረኝ። ልጅ ነበረኝ የምለው ሂስትሪውን፣ የሕመሙን ታሪክ፣ እኔ ጠይቄ ስለወሰድኩ ነው። የልብ ቫልቭ ሕመም ነበረበት፣ 17 ዓመቱ ነው፣ እግር ኳስ ይወዳል። እንዲህ ያለው የልብ ሕመም ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ይመጣል፤ በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመሙ በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ እዚያ ላይደርስ ይችል ነበር። ስመለስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። የት እንደሄደ መጠየቅ ፈራሁ። ለአንድ ሳምንት ዞሬ አለፍኩት። በመጨረሻ የጠየቅኳት የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። "ያ ልጅማ የገና ዕለት ማታ ዐረፈ" አለችኝ። መጥረጊያዋን አቁማ ነፍስ ይማር አለች። እኔም አልኩ። አብረን ትንሽ ቆምን።

ስለዚህ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የሞተ ካለ ነፍስ ይማር በሉ፣ እንደየሃይማኖታችሁ። ዕንባ ከመጣ ይምጣ።

ከበዓል በኋላ ዋርዱ ለምን እንደሚጨናነቅም አስቡበት። ሰው ሕመሙን ችሎ በዓሉን ቤቱ ያሳልፋል፣ ሲብስበት ይመጣል። ኢንሱሊኑ አልቆበት የሰነበተ አለ። ጨውና ቅቤ የበዛበት ባለ ልብ ድካም አለ። ብርዱን ለመከላከል በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የታፈነ አለ። የመኪና አደጋም አለ። በዓሉን ከናንተ ጋር አክብረው ነው የመጡት። ምን እንደበሉ፣ የት እንደሄዱ፣ መድኃኒታቸው መቼ እንዳለቀ ለመጠየቅ ከናንተ የተሻለ ሰው የለም።

ገናና ጥምቀትን ዱቲ የሸፈኑላችሁ ብዙ ሙስሊም ጓደኞች እንዳሉም አትርሱ። እኛ ጋ ለኢድና ለአረፋ እኛ እንሸፍናለን፣ ለፋሲካ እነሱ ይሸፍናሉ። ማንም መመሪያ አላወጣለትም። ዛሬ ከቤት ያመጣችሁትን ዳቦ ቆሎ መጀመሪያ ለነሱ አካፍሉ። በነገራችን ላይ እነሱ ደክሟቸዋል። ያያችሁትን ስትነግሯቸው "እንዴት ይሄን አላያችሁም?" በሚል ድምፅ እንዳይሆን።

ምን አድርጉ ነው የምትዪን የሚል ይኖራል። አንድ ታማሚ ምረጡ። አንድ ብቻ። ዛሬ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቁጭ በሉ፤ ቆማችሁ አይሁን። ካርዱን አትክፈቱ። እንኳን አደረሰዎ ብላችሁ ጀምሩና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሐኪሞች ታማሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። በ1975 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 80 አዲስ ተመላላሽ ታማሚዎችን የተከታተሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ66ቱ ላይ ከላኪው ሐኪም ደብዳቤና ከታማሚው ታሪክ ብቻ የደረሱበት ምርመራ ከመጨረሻው ጋር አንድ ሆነ። የእጅ ምርመራ ሐሳባቸውን የቀየረው በ7 ሰዎች ላይ ነው፤ ላብራቶሪና ሌላው ምርመራ ደግሞ በሌሎች 7። ሲቲ ስካን በሌለበት፣ የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል (ሪኤጀንት) ባለቀበት ሆስፒታል ለምንማር ለኛ ይሄ ትልቅ ዜና ነው።

ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። በነዚህ ሦስት ቀናት የገረማችሁን ጻፉ፣ የታማሚ ስም ሳትጽፉ። "መስኮቱ ለምን ተሰበረ?" ይሁን። "ለምንድነው ሴትየዋ ምግቧን የማትነካው?" ይሁን። ለምን እንደገረማችሁ ባታውቁም ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት አይገርማችሁም።

ዕረፍቱ ያላሳረፋችሁም ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲደመሩ ከ100 የሕክምና ተማሪዎች 27ቱ የድባቴ ምልክት ነበራቸው፤ ከ15 አገሮች በተሰበሰቡት ደግሞ ከ100 ተማሪዎች 11ዱ ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበዋል። ይሄ አዳራሽ ከዚያ ቁጥር ውጭ አይደለም። ጠዋት መነሳት ካቃታችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ባልኖርስ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። ለዶርም ጓደኛችሁ፣ ለምታምኑት መምህር፣ ለሥነ አእምሮ ክፍል። ለኔም ንገሩኝ፣ ከዚህ ስንወጣ በሩ ጋ እቆማለሁ።

የአራት ቁጥሯን እናት ነገር ልጨርስላችሁ። ልጃቸው በሳምንቱ ተመለሰች። የጥምቀት ጸበል በጠርሙስ ይዛለች፣ አምባሻም ጋግራለች። ተማሪዎች ሁላችንም አንድ ዓይነት ጋውን ነው የለበስነው፣ ስማችንንም አያውቁትም። ልጅቷ ወደኛ መጥታ "ይቅርታ፣ እናቴ ሰው ፈልጊ ብላኝ ነው። እንኳን አደረሰዎ ያለቻቸው የቷ ናት?" አለች።